የሌሊቱን ጂኦሎጂስት መልሱልን፦ በወሎ ተዳፋት ዋሻ ከምንቆፍር ሠራተኞች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንገድ ፕሮጀክቱ ባለቤት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣
ለአማካሪው መሐንዲስ ጽሕፈት ቤት፣
ከዋሻው በላይና በታች ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦

የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ባለፈው መጋቢት በዋሻው የሌሊት ፈረቃ ይመደብ የነበረው ጂኦሎጂስት እንዲቀር ተወስኗል። ወጪ ለመቀነስ ነው ተባልን። ፎርማኑ ፌሱን፣ ማለት የምንቆፍረውን ግንባር፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቢልክ ይበቃል ተባልን። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የፈነዳው ዓለት በባለሙያ ዓይን ሳይታይ ያድራል። ጂኦሎጂስቱ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ፎቶውን ከፍቶ የዓለቱን ደረጃ የሚወስነውን ቅጽ ይሞላል፤ እሱ ቅጹን ሲሞላ ግን ያ ፌስ በሾትክሪት፣ ማለት በሚረጭ ኮንክሪት፣ ተሸፍኗል፣ ቀጣዩ ዙር፣ ማለት በአንድ ጊዜ ተቦርቡሮ የሚፈነዳው ርዝመት፣ ተቦርቡሯል፣ አንዳንዴም ተፈንድቶ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በቃልም በጽሑፍም አመልክተን «አብሽሩ፣ ጥናቱ ዓለቱ ጥሩ ነው ይላል» የሚል መልስ ብቻ ስላገኘን ነው ዛሬ ወደ አደባባይ የወጣነው።

እኛ ጃምቦ የሚባለውን የዓለት መቦርቦሪያ ማሽን የምንነዳ፣ ፈንጂ የምንሞላ፣ ሾትክሪት የምንረጭ፣ ዓለቱን የሚያስር ረጅም ብረት (ሮክ ቦልት) የምንተክል፣ ሎደር የምናንቀሳቅስና ፓምፕ የምንጠብቅ ሠራተኞች ነን። ከደሴ ዙሪያ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከባቲ፣ ከደላንታም የመጣን አለን። ከመካከላችን በወገል ጤና ገደል ላይ ኦፓል ሲቆፍሩ ያደጉ፣ መሬት ከመደርመሱ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ በልጅነታቸው የለዩ ልጆች አሉ። ዋሻው ይቁም የሚል ሰው በመካከላችን የለም። ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ስንት ሰዓት እንደምትንገላታ የምናውቀው እኛው ነን፤ እህቶቻችንና ሚስቶቻችን ናቸው። መንገዱ እንዲያልቅ እንፈልጋለን። ሬሳ ሳይቆጠርበት እንዲያልቅ።

ቅሬታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ስለ ተራራው ጥቂት እንበል፤ ቢሮ ተቀምጦ «ዓለቱ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ይህን ሳይዘነጋ አይቀርምና።

የወሎ ተራራ አንድ ወጥ ዓለት አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ የፈሰሰ የባዛልት ላቫ እላይ በእላይ ተነባብሮ የሠራው ነው። አንዱ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ዘመን ያለፈበት ቦታ አለ፤ በዚያ ዘመን የላዩ ዓለት ወደ አፈርነት ተለወጠ፣ ቀጥሎ የመጣው ላቫ ደግሞ ያንን አፈር ጠበሰው። በቁፋሮ ላይ የምናገኘው ቀዩ ሸክላ ንብርብር ይህ ነው። በመካከሉ ነጭና ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድም ይገባል። ቀዩ ንብርብር ደረቅ ሳለ ጠንካራ ይመስላል፣ ቦርቧሪውም በቀላሉ ያልፈዋል። ውኃ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ከላዩ የተቀመጠው ጥቁር ባዛልት የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በእሱ ላይ ተንሸራትቶ ይመጣል።

በዚያ ላይ የምንቆፍርበት ተዳፋት የአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ምድሩ በስንጥቅ ተከፋፍሎ፣ ብሎክ በብሎክ ዘምሞ ወደ ቦርከና ሸለቆ ወርዷል። ከጦሳ ግርጌ እስከ ከተማው ጫፍ በደሴ የመሬት መንሸራተት የቤት ግድግዳ ሲሰነጥቅ ያላየ የለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት የደረሰውም በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ጥናቱ የተሠራው ከተራራው ጀርባ ወደ ታች በተቆፈሩ ጥቂት የናሙና ጉድጓዶች ነው። ጉድጓዱ ባረፈበት ቦታ ያለውን ይነግረናል፤ በአንዱና በሌላው ጉድጓድ መካከል ያለውን የሚነግረን ፌሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌሱን በየዙሩ የሚያነብ ሰው ማንሳት ማለት ከጥናቱ ግማሹን መተው ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችንም ይህ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ሌሊት፣ ጢሱ ወጥቶ ወደ ፌሱ ስንጠጋ በግራ ትከሻው በኩል ቀይ መስመር ታየን። ስፋቱ ስንዝር አይሞላም ነበር። ከሥሩ እርጥበት ነበረው። ፎርማኑ ፎቶ አነሳ፤ አቧራና የፋኖስ ነጸብራቅ የሞላበት ፎቶ ነው። ከዋሻው አፍ ወጥቶ ኔትወርክ ፈልጎ ላከው። የሚያየው ሰው ተኝቷል። በሥራ ላይ የነበረው የድጋፍ ክላስ፣ ማለት እንደ ዓለቱ ጥራት የዙሩን ርዝመትና የድጋፉን ዓይነት የሚወስነው ደረጃ፣ የሦስት ሜትር ዙር ይፈቅዳል፤ ክላሱን የሚቀይረው ደግሞ የጂኦሎጂስቱና የአማካሪው ፊርማ ብቻ ነው። ዙሩን ወደ አንድ ሜትር ተኩል እናሳጥረው ብለን የፈረቃውን ኃላፊ ጠየቅን። «ክላስ የመቀየር ሥልጣን የላችሁም፣ እኔም የለኝም» አለ። በወረቀቱ መሠረት እውነቱን ነው። ሦስት ሜትር ቦርቡረን አፈነዳን። ልቅ ድንጋይ እያወረድን ሳለ አንድ ትልቅ ቋጥኝ በዚያ ቀይ ንብርብር ላይ ተንሸራትቶ የጃምቦውን ቅርጫት መታው። በቅርጫቱ የነበረው ወጣት ጓደኛችን የጭኑ አጥንት ተሰበረ። በፒክአፕ ጭነን ደሴ አደረስነው። እስካሁን ወደ ሥራ አልተመለሰም።

ጠዋት የተሞላው ቅጽ ዓለቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መድቦታል። አጭር ዙር፣ የብረት ቅስት፣ ንብርብሩን የሚያቋርጥ ቦልት አዝዟል። ውሳኔው ትክክል ነው። የሚያስፈልገን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነበር፤ የደረሰን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ፎቶ ለምን እንደማይበቃ ለማስረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበትን እንጥቀስ። በ1974 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ የወጣውና በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የ«ኪው» የዓለት ደረጃ አሰጣጥ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ዓለቱ ምን ያህል የተሰባበረ ነው፣ የስንጥቆቹ ቤተሰብ ስንት ነው፣ የስንጥቁ ገጽ ሻካራ ነው ወይስ ልስልስ፣ በውስጡ ምን ተሞልቷል፣ ውኃው ምን ያህል ነው፣ በዓለቱ ላይ ያለው ጫና እንዴት ነው። ገጹ ሻካራ መሆኑ የሚታወቀው በእጅ ተዳስሶ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ያለው ሸክላ መሆኑ የሚታወቀው በጥፍር ተፍቆ ነው። ባዶ ዓለት በመዶሻ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ፎቶ ውስጥ አይገባም። ጂኦሎጂስታችን እኮ ድሮ ሌሊት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪውን አጥፍቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነበር፤ የሚንጠባጠበው ውኃ ከየት እንደሆነ ለመለየት። ያንን ሰው ነው ያነሳችሁብን።

ሁለተኛው የልኬቱ ጉዳይ ነው።

በዚህ ዋሻ የምንሠራበት ዘዴ የኦስትሪያ አዲሱ የዋሻ አሠራር የሚባለው ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ ተራራው ራሱ ራሱን እንዲሸከም ይደረጋል፤ ሾትክሪቱና ቦልቱ ያግዙታል፤ በቂ መሆናቸው ደግሞ በየዕለቱ በልኬት ይረጋገጣል። ልኬት ከሌለ ዘዴው የለም። በግድግዳውና በጣሪያው ላይ የተተከሉት የመለኪያ ምልክቶች (ፒኖች) ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ይለካሉ፤ ግድግዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ፣ ጣሪያው ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ይታወቃል። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ይበልጣል። ሃያ ሚሊሜትር ወርዶ በየቀኑ ፍጥነቱ እየቀነሰ ያለ ጣሪያ እየተረጋጋ ነው። አምስት ሚሊሜትር ብቻ ወርዶ ዛሬ ከትናንት፣ ነገ ከዛሬ የሚብስ ጣሪያ ግን ሰው ይውጣ እያለ ነው።

በእኛ ዋሻ የሚሆነውን እንንገራችሁ። ሎደር የገጨው ፒን ለሳምንታት ሳይተካ ይቀራል፤ ሲተካም ልኬቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምርና ያለፈው እንቅስቃሴ ከታሪክ ይጠፋል። የተለካው ቁጥር በወሩ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ተጠርዞ ቢሮ ለቢሮ ይሄዳል። ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚውለው ሰው አያየውም። ከዋሻው አፍ ብዙም ሳይርቅ በቀኝ ግድግዳ ላይ በሾትክሪቱ የወጣውን ስንጥቅ ለማንም ስናሳይ «የመድረቅ ስንጥቅ ነው» ይባል ነበር። ከመካከላችን አንድ ግንበኛ የነበረ ሰው ያደገበትን ዘዴ ተጠቀመ፤ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን ጻፈበት። ስንጥቁ የማይንቀሳቀስ ቢሆን ጀሶው ደህና ይቆይ ነበር። ተሰነጠቀ። ሌላ ለጠፈበት፤ እሱም ተሰነጠቀ። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ጀሶውን አንሱ፣ እንግዶች ይመጣሉ የሚል ሆነ፤ በላዩም አዲስ ሾትክሪት ተረጨበት። የዚያ ግድግዳ የልኬት ሰንጠረዥ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ልኬት ተይዞ ሳይነበብ ሲቀር ምን እንደሚሆን በታሪክ የተመዘገበ ነው። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሥር በዚሁ ዘዴ ይቆፈሩ የነበሩ ዋሻዎች ተደርምሰዋል። ሰው አልሞተም። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ በኋላ ባወጣው ሪፖርት የልኬት መረጃው ችግሩን አስቀድሞ ያሳይ እንደነበር፣ ግን በጊዜው እርምጃ እንዳልተወሰደበት አስፍሯል፤ ተጠያቂዎቹም በፍርድ ቤት ከባድ ቅጣት ተጥሎባቸዋል። ያ የሆነው ብዙ መሐንዲስና ብዙ መሣሪያ ባለበት አገር ነው። እኛ ጋ መሣሪያው አለ፤ ቶታል ስቴሽኑን የሚይዙት ልጆችም ጎበዞች ናቸው። የጎደለው ቁጥሩ በዚያው ቀን ወደ ሠራተኛው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ሦስተኛው የውኃ ነገር ነው። ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም ይዘንብበታል፤ ተራራው በዓመት ሁለቴ ይጠጣል። በበልጉ መጨረሻ በዋሻው ጣሪያ ይንጠባጠብ የነበረው ውኃ ወደ ወራጅነት ተለወጠ፣ ቀለሙም ደፈረሰ። ንጹሕ ውኃ ከስንጥቅ ይመጣል፤ የደፈረሰ ውኃ ግን አፈር እየጠረገ ነው የሚመጣው፣ ከላይ ባዶ ቦታ እየፈጠረ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ከተራራው ጫፍ ካለው ቀበሌ አንድ ሼህ በበትራቸው ተደግፈው እስከ ሳይቱ በር ድረስ ወረዱ። «ልጆቼ፣ የመንደሩ ምንጭ ጠፍቶብናል። አባቶቻችን በድርቅ ዘመን እንኳን ሲነጥፍ አላዩትም። ወደ እናንተ ገብቶ እንደሁ እዩልን» አሉ። ጥበቃው ቢሮ የሚያነጋግራቸው ሰው ስላላገኘ ፀሐይ ላይ ቆመው ተመለሱ። እሳቸው ያመጡት መረጃ በብር ቢተመን ስንት የምርመራ ጉድጓድ ያስቆፍራል! የምንጩ መድረቅና የዋሻው ውኃ መጨመር አንድ ላይ ሲታዩ ውኃው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው የተሰነጠቀ ዞን ከፊታችን እንዳለ ይናገራሉ። ለመንደሩም የሚጠጣ ውኃ ጉዳይ ነው፤ ያንን ለእኛ ደኅንነት ብለን ብቻ አናነሣውም፣ ምንጩ የእኛም ዘመዶች ምንጭ ነው።

ከፌሱ ፊት ለፊት ሃያና ሠላሳ ሜትር የሚዘልቅ የምርመራ ጉድጓድ እየቦረቦሩ መሄድ በውሉ ላይ እንዳለ ሰምተናል። ሲሠራ ያየነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነው። ጃምቦው ለምርመራ ሲቆም የዕለቱ ሜትር ይቀንሳል።

ይህ ወደ አራተኛው ይወስደናል፤ ስለ ሜትር ጉርሻው። በወር ከታቀደው በላይ ሜትር የቆፈረ ፈረቃ ጉርሻ ያገኛል። ለልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያና ለቤት ኪራይ የምንመካበት ገንዘብ ነው፣ እንዲቀርብን አንፈልግም። ግን ይህ ጉርሻ የሚሠራውን ሥራ ተመልከቱ። ጣሪያው አላማረኝም ብሎ ሥራ ያስቆመ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የመላ ፈረቃውን ጉርሻ ያጠፋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሾትክሪቱ ሳይጠነክር ሥሩ ይገባል፤ በዓለም የዋሻ ሥራ የተለመደው ጥንካሬው ቢያንስ አንድ ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ሳይደርስ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ ቢሆንም፣ እኛ ጋ የሚለካው በሰዓት ግምት ነው፣ የሚያሳጥረውም ጉርሻው ነው። ሰው እንዳይፈራ እየከፈላችሁት አይደለም፤ እንዳይናገር ነው እየከፈላችሁት። በእኛ እምነት ከቀዩ ንብርብር ይልቅ አደገኛው ይህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 32 ደግሞ ሕይወትን ወይም ጤንነትን የሚያሰጋ አደጋ ተደቅኖ አሠሪው እያወቀ ካልተከላከለ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። እኛ ግን ሥራችንን መልቀቅ አንፈልግም። የምንፈልገው ለአንድ ሌሊት ከፌሱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ባለሙያ አይቶት፣ በማግስቱ መመለስ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 13 ለሕይወቱ የቀረበ ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ ቦታው ዞር ያለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ጉርሻ መቁረጥ፣ ፈረቃ መቀየር፣ «ፈሪ» ብሎ ስም ማውጣት ሦስቱም ጉዳት ናቸው፤ ሦስቱም ደርሰውብናል።

አምስተኛ፣ ከተደረመሰስ በኋላ ምን አለን? በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሕንድ ኡታራካንድ ግዛት በሲልክያራ የመንገድ ዋሻ 41 ሠራተኞች ከኋላቸው ጣሪያው ወርዶ 17 ቀን ተዘግቶባቸዋል። በሕይወት ያቆያቸው በቀጭን ቱቦ የገባላቸው አየር፣ ውኃና ምግብ ነው። ትልቁ መሣሪያ ተሰብሮ የመጨረሻውን ጥቂት ሜትር በእጃቸው ቆፍረው የደረሱላቸው በጠባብ ጉድጓድ ከሰል ማውጣት የለመዱ ቆፋሪዎች ናቸው፤ የደላንታ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ነው ያዳመጡት። ሁሉም ወጥተዋል። ልብ በሉ፣ የተደረመሰው ፌሱ አልነበረም፤ ቀድሞ ተቆፍሮ ከኋላ የቀረው ክፍል ነው። የእኛ ጀሶ የተሰነጠቀበት ግድግዳም ያለው ከኋላችን፣ በእኛና በመውጫው መካከል ነው። በዚያ ክፍል የተዘረጋ የማትረፊያ ቱቦ የለም፤ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳይ የስም ሰሌዳም በዋሻው አፍ የለም። አንድ ነገር ቢሆን የሚጀመረው እርስ በርስ ስም በመጠራራት ነው።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. በራሳችን ዞን በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚሆኑ ቆፋሪዎች ከውስጥ ሲቀሩ ሊያወጣቸው የሮጠው ሕዝቡ ነው፣ በዶማና በአካፋ። በሐምሌ ወር በጎፋ ገዜ ጎፋ የሆነውንም አገር ያውቃል፤ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተረባረቡት ሰዎች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። እኛም ጋ ጣሪያው ቢወርድ መጀመሪያ የምንሮጠው እኛው ነን፤ ማንም ሊያስቆመን አይችልም። ለዚህ ነው ማን እንደሚገባ፣ ማን ውጭ ቆሞ ጣሪያውን እንደሚያይ፣ ማን «ውጡ» እንደሚል ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ሊወሰንና ሊለማመድ የሚገባው።

ስለ ጫማ፣ ስለ አቧራ ጭምብልና ስለ አየር ማናፈሻው በቂ ነገር ለብቻው አመልክተናል፣ እዚህ አንደግመውም። የማስጠንቀቂያ ደረጃዎቹ በሠራተኛው ቋንቋ አለመጻፋቸውን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ቀይ ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፈ ወረቀት በዋሻው ውስጥ የለም።

የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን፤ ፕሮጀክቱ ዘግይቷል፣ ወጪው ንሯል ትላላችሁ። የግልገል ጊቤ ሁለትን ዋሻ አስታውሱ። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው በዚያ ዋሻ በቁፋሮው ጊዜ ያልተጠበቀ የተሰነጠቀ ዞን ገጥሞ፣ በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ ግዙፉን መቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ ሥራው በዚያ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከውስጡ አንድ ክፍል ተደርምሶ ኃይል ማመንጨቱ ተቋረጠ። ለአንድ ጂኦሎጂስት የሌሊት አበል የሚወጣው ገንዘብ እንዲህ ያለ መቆም ለአንድ ቀን ከሚያስወጣው ጋር ይነጻጸራል? ሒሳቡን ለመሥራት ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ይቀላል፤ ሠርታችሁ እንድታሳዩን እንጠይቃለን።

ኃላፊነቱ የተቋራጩ ነው የሚል መልስም ሰምተናል። በውል ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሌሊቱን ጂኦሎጂስት ያስቀረውን ማስታወሻ ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ወርሃዊውን የልኬት ሪፖርት የሚቀበለውም አማካሪው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በየፈረቃው፣ በሌሊቱም ጭምር፣ ጂኦሎጂስት በፌሱ ላይ ይመደብ። እሱም ሆነ ፎርማኑ ሥራ የማስቆምና ዙር የማሳጠር ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጣቸው፤ ክላስን ወደ ጠንካራ ድጋፍ ለመለወጥ ጠዋትን መጠበቅ አይኑር። ወደ ቀላል ድጋፍ ለመመለስ ግን የአማካሪው ፊርማ ይጠበቅ፣ በዚህ አንከራከርም።

በደኅንነት ምክንያት የቆመ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ጉርሻው እንዳይነካ ይደረግ። ጉርሻው በሜትር ብቻ መታሰቡ ቀርቶ ድጋፉ በጊዜውና በጥራቱ መሠራቱ፣ ፒኖቹ መጠበቃቸው አብሮ ይታሰብበት።

የዕለቱ ልኬት በዚያው ዕለት በዋሻው አፍ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ትናንትና ከትናንት በስቲያ ከነበረው ጋር፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ደረጃ፣ በየደረጃው ማን ምን ማድረግ እንዳለበት በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ። የተገጨ ፒን በዚያው ፈረቃ ይተካ። ጀሶ የተለጠፈበት ግድግዳ እስካሁን ያለው ልኬት ለሠራተኞች ተወካዮች ይገለጽ፣ ግድግዳውም ከተቋራጩም ከአማካሪውም ውጭ በሆነ ባለሙያ ይታይ። ይህ ሳይውል ሳያድር ነው።

የምርመራ ጉድጓዱ ሐምሌ ሳይገባ ይቀጥል። የሚገባው ውኃ መጠንና ቀለም በየፈረቃው ይመዝገብ። ከዋሻው በላይ ያሉ ምንጮች፣ ጉድጓዶችና በማሳ ላይ የወጡ ስንጥቆች ከነዋሪው ጋር ሆኖ ይመዝገቡ፤ የሚመጣ ሰው በር ላይ እንዳይመለስ አንድ ተቀባይ ይሰየም። ወደ ሼሁ መንደር ሰው ይላክ፣ የሚጠጣ ውኃም ይቅረብ።

የማትረፊያ ቱቦ፣ የስም ሰሌዳ፣ የመጠለያ ክፍልና የመተንፈሻ መሣሪያ ይሟሉ፤ ደሴ ካለ ሆስፒታል ጋር የአምቡላንስ ስምምነት ይደረግ፤ የመውጣት ልምምድ በየፈረቃው ይካሄድ። የተጎዳው ጓደኛችን ሕክምናውና ደመወዙ ሳይቋረጥ ይቀጥል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የተሰጠ መልስ፣ ከቀን ጋር፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንጠብቃለን። የሌሊቱ ጂኦሎጂስት እስኪመለስ ድረስ ግን ቀይ ንብርብር ወይም የደፈረሰ ውኃ በታየበት ፌስ ላይ የሌሊት ዙር እንደማናፈነዳ፣ በሌላው ሥራ ሁሉ ግን እንደ ወትሮው እንደምንሰማራ በአክብሮት እናሳውቃለን።

ከሠላምታ ጋር

የሌሊት ፈረቃ ፎርማንና የሠራተኞች ተወካይ
የጃምቦ ኦፕሬተሮችና የፈንጂ ሠራተኞች ተወካይ
የሾትክሪትና የድጋፍ ቡድን ተወካይ
የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ተወካይ

ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለሥራ ሁኔታዎች ቁጥጥር ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው አስተዳደር
ከዋሻው በላይ ላሉ ቀበሌዎች የአገር ሽማግሌዎች